ስሜን ሰርዙልኝ

ሆሳዕና፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.
ይድረስ ለእናቴ፣ ሞርሲቶ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? የላክሁልሽን ቅባት ለጎረቤት ሁሉ እያደልሽ እንደጨረስሽው ሰምቻለሁ፤ ማን እንደነገረኝ ግን አልናገርም። ድንቹን ውርጭ አልነካብሽም? ላሟስ ተነሳች? እኛ ጌታ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ አያቴ ስትመጣ ምን ይዛልኝ ትመጣለች እያለች ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ማለትሽ አይቀርም። በስልክማ ስለ ዘፈን ባነሳሁ ቁጥር ኔትወርኩ ይበላሽብሻል። ስለ ላሟ ስናወራ ጥርት ብሎ የሚሰማ ኔትወርክ እዚያች ቃል ላይ ስንደርስ ብቻ እንዴት እንደሚጠፋ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲገርመኝ ኖሯል። ይሄ ወረቀት ግን አይቋረጥም። መነጽርሽን አድርጊና ብቻሽን አንብቢው፤ ለማንም አታስነብቢው።

የግጥምና የዜማ ደራሲዎች መብት ማኅበር ቦርድ ውስጥ መመረጤን አምና ነግሬሽ ነበር። ምን ይሠራል አልሽኝና መልሴን ሳትሰሚ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ማውራት ጀመርሽ። እሺ፣ አሁን ልንገርሽ። አምስት ነን፤ ሁላችንም ግጥም ወይም ዜማ ሠሪዎች እንጂ ዳኞች አይደለንም። አንድ ዘፈን ወይም መዝሙር ሊመዘገብ ሲመጣ ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማውን ማን አወጣው የሚለውን እናጣራለን። ሊቀመንበራችን ጋሽ ሽብሩ ነው፤ ጡረታ የወጣ አስተማሪ፣ ስንት የትምህርት ቤት መዝሙር የጻፈ ሰው። ናስረዲን ደግሞ ገበያው ዳር የኪቦርድና የስፒከር ሱቅ ያለው ዜማ ደራሲ ነው፤ ከጆሮው የሚያመልጥ ነገር የለም። ቢሮአችን ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ ዜማ ልናዳምጥ ስንል መስኮት ካልዘጋን «ዱራሜ! ዱራሜ!» የሚሉት ልጆች አብረው ይዘፍኑልናል።

የሚያስቸግሩን የመዝሙር ሰዎች ናቸው። ቅጹ ላይ «ደራሲ» በሚለው ቦታ ብዙዎቹ «እግዚአብሔር» ብለው ይሞሉታል። እውነታቸውን ነው፤ በእኛ አገር መዝሙር ተሰጠኝ ይባላል እንጂ ደረስሁት አይባልም። ጋሽ ሽብሩ ራሱን ይዞ፣ ጌታ ቢሮ ድረስ መጥቶ ስለማይፈርምልን እባካችሁ የሰው ስም ጻፉ ይላቸዋል። ናስረዲን ግን፣ እሱ ሙስሊሙ፣ ከሁላችንም በተሻለ ያግባባቸዋል። የሁሉም ባለቤት አምላክ መሆኑን ማን ካደ፣ እኛ የምንጠይቀው በማን አፍ እንደመጣ ብቻ ነው ሲላቸው ደስ ብሏቸው ይፈርማሉ።

ባለፈው ወር ሚክያስ የሚባል የዱራሜ ዘማሪ አንድ የቆየ የከምባታ መዝሙር በአዲስ ቅንብር ሠርቶ አመጣ። ለቀብርም ለሽኝትም የሚዘመረው ነው፤ ዝናቡ እስኪያባራ ጌታ ሆይ አብረኸኝ ቆይ የሚለው። እኔ ቤተ ክርስቲያን ከተውሁ ስለቆየሁ፣ በከምባትኛም ስለሆነ፣ አላውቀውም ነበር። ሚክያስ ጨዋ ልጅ ነው፤ ግጥሙንም ዜማውንም ለራሱ አላደረገም። የሺንሺቾ ሰው ሁሉ መዝሙሩን ያመጡልን እማማ ርብቃ ናቸው ስለሚል፣ ደራሲዋ እሳቸው ናቸው ብሎ ሞላ። በደንባችን መሠረት ለእሳቸው አሳወቅን። ደስ ይላቸዋል ብለን ነበር።

ማክሰኞ ዕለት እማማ ርብቃ ሁለት መኪና ቀይረው ከሺንሺቾ መጡ። ያን ሁሉ ደረጃ በከዘራ ወጥተው፣ ቁጭ ይበሉ ስንላቸው እንኳ ሳይቀመጡ፣ ስሜን ሰርዙልኝ አሉ።

እማዬ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ስሜ ለምን ቀረ ብሎ ጠረጴዛ የደበደበ አይቻለሁ። በአንድ ግጥም ምክንያት ከገዛ ወንድሙ ጋር የማይነጋገር አይቻለሁ። ስሜን አውጡልኝ ብሎ የመጣ ሰው ግን በሕይወቴ አላየሁም። ጋሽ ሽብሩ ነገሩ ያልገባቸው መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ይሄ ለእርስዎ የሚጠቅም ነው አላቸው። ጆሮዬ ደህና ነው ልጄ፣ መዝሙሩ ነው የእኔ ያልሆነው አሉት። ከዚያ ተቀመጡና ነገሩን።

የዛሬ አርባ አንድ ዓመት፣ ኩፍኝ በገባበት ክረምት፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ይዘው እዚሁ ሆሳዕና ሆስፒታል ተኝተው ነበር። በጎናቸው ባለው አልጋ አንዲት ወጣት የሀዲያ ሴት ሦስት ዓመት የሆናትን ልጇን ታቅፋ ነበር። አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አያውቁም፤ አማርኛም ያኔ ሁለቱም አይችሉም። ዝናቡ አላቆም ብሏል። ሴትየዋ ልጇን ደረቷ ላይ አስተኝታ፣ ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች፣ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ዜማ ስታዜምላት ዋለች። መዝሙር አልነበረም አሉ፤ ለልጅቷ እያወራች ነበር። ቃሉን በኋላ ሀዲይኛ የሚያውቅ ሰው ፈታላቸው፦ ትንሿ ቆዪልኝ፣ ዝናቡ ያባራና አብረን እንወጣለን። እሳቸው ከቤታቸው ሲገቡ ዜማው አብሯቸው ገባ። ወፍጮ ሲፈጩም፣ ውኃ ሲቀዱም አልለቃቸው አለ። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በከምባትኛ አወጡት፤ ልጅቷን ጠሪው ድምፅ ጌታን ጠሪ ሆነ፤ ሰው ተቀበለው።

ከዚያ ዘመሩልን። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ያረጀም ነው። በቀኝ እጃቸው መዳፍ ጭናቸውን እየመቱ ነበር፦ ሁለት መታ፣ ቆም፣ ሦስት መታ። ከታች «ዱራሜ! ዱራሜ!» ይባላል፤ መስኮቱን ለመዝጋት የተነሳ ግን የለም። ጋሽ ሽብሩ መነጽሩን አውልቆ ያዘው። እኔ ፈራሁ እማዬ። ሃያ ዓመት ከዜማ ጋር ስኖር ዜማ አስፈርቶኝ አያውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ሰው አይሠራውም አልኩ በልቤ፤ እነዚያ ቅጹ ላይ «እግዚአብሔር» ብለው የሚሞሉት ሰዎች ለካ አልተሳሳቱም።

ናስረዲን ቀስ ብሎ፣ መሐል ላይ ቆም የሚሉት ለምንድነው ብሎ ጠየቃቸው። እሷ እንደዚያ ነበር የምታደርገው አሉ። መታ መታ ታደርግና ልጅቷ መተንፈስ አለመተንፈሷን ለማዳመጥ ታቆማለች። ትንፋሿን ስትሰማ ትቀጥላለች።

ሦስተኛ ስንኝ የለውም ወይ ቢላቸው፣ የለውም አሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዝናቡ አባራ፤ አልጋው ባዶ ነበር።

ይሄኔ ናስረዲን ዞሮ እጄን አየ። ሳላውቀው ጠረጴዛውን እየመታሁ ነበር፤ ሁለት፣ ቆም፣ ሦስት። ይሄ ምት ያንተ ዘፈን ላይ ያለው አይደለም እንዴ አለኝ። ነው። የመጀመሪያው ዘፈኔ ላይ ያለው ነው። ሰው ሁሉ ያቺን እረፍት ከየት አገኘሃት እያለ ያደነቀኝ፣ ሬዲዮ ላይ ቀርቤ የራሴ ፈጠራ ናት ብዬ የተናገርሁባት። ለምዝገባም በዚያው በስሜ ፈርሜያለሁ።

እማዬ፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመቱን ቀን ታስታውሻለሽ። ያንን ዘፈን ላሰማሽ ትንሽ ስፒከር ገዝቼ ሞርሲቶ መጣሁ። አንቺ ጎመን እየቀነጠስሽ ነበር። ሲጀምር እጅሽ ቆመ። ከየት አመጣኸው አልሽኝ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ከራሴ ነው አልኩሽ። ጎመኑን አስቀመጥሽና ጓሮ ሄደሽ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ እንሰቱ ውስጥ ቆየሽ። መዝሙር ትቶ ዘፈን ገባ ብለሽ የተቆጣሽ መሰለኝ። ስትመለሺ ያልኩሽን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። ዘፋኝ ሆኜ ከምታዪኝ ሞቼ ብታዪኝ ይሻልሽ ነበር አልኩሽ። እንዲህ ያለ ነገር ለአንቺ፣ ያውም ለአንቺ፣ ከአፌ መውጣቱን ሳስብ ከማክሰኞ ጀምሮ እህል አልበላ ብሎኛል። ይቅር በይኝ። እግርሽ ላይ ወድቄ የምለው ነገር ነው፤ እስክመጣ ግን በወረቀት ተቀበዪኝ።

ደግሞ ይሄን ስሚ። ባለቤቴ ስትወልድ ልትጠይቂን መጥተሽ ሕፃኗን ታቅፈሽ ጀርባዋን ስትመቺላት፣ ሁለት፣ ቆም፣ ሦስት፣ እኔ ሞኙ ባለቤቴን ጠቅሼ፣ እናቴ ዘፈኔን ወደደችልኝ፣ በእሱ ምት ልጅ ታስተኛለች አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን።

ጋሽ ሽብሩ ብዕሩን አንስቶ የዚያችን ሴት ስም ጠየቀ። እማማ ርብቃ አልጠየቅሁም አሉ። ያኔ እናት በልጇ ነበር የምትጠራው፤ ነርሶቹም እኛም የሐዳሳ እናት ነበር የምንላት። ከሞርሲቶ ወገን እንደሆነች ብቻ ሰምቻለሁ አሉ።

በእኛ ቤት ያለችው ሐዳሳ የእኔ ልጅ ብቻ ናት፤ ገና ስድስት ዓመቷ ነው። ከእኔ ምንም ነገር ጠይቀሽ የማታውቂው አንቺ፣ ስሟን እኔ ላውጣላት ብለሽ የለመንሽኝ እለት ሐዳሳ አልሽ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁሽም። አባዬም በሕይወቱ ሳለ አንድም ቀን ምንም አላለኝም።

እኔ በዚህ ጉዳይ ድምፅ አልሰጥም ብዬ ተነሳሁ። ለምን ሲሉኝ የዘመድ ጉዳይ ነው አልኳቸው፤ ሌላ ቃል አላወጣሁም። እማማ ርብቃን ደግፌ ደረጃውን አወረድኋቸውና መናኸሪያ ውስጥ የዱራሜው መኪና እስኪሞላ አብሬያቸው ተቀመጥሁ። እዚያ ለቦርዱ ያልነገሩትን ነገሩኝ። በዚያው ጠዋት የእሳቸው ልጅ ትኩሳት ወርዶለት ጡት ጠየቀ። ደስታዬን እንዳታይብኝ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ የተኛሁ መሰልሁ አሉ። ሴትየዋ የልጇን ልብስ ጠቅልላ ስትወጣ ተነስቼ አላቀፍኋትም፣ ስሟንም አልጠየቅሁም። ያ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ሰው ስለ መዝሙሩ ባመሰገነኝ ቁጥር ያቺ ጠዋት ትመጣብኛለች አሉ። ሆሳዕና በመጡ ቁጥር ገበያ ውስጥ የሞርሲቶ ሴቶችን ፊት ሲያዩ ኖረዋል። በሕይወት ትኖር ይሆን ብለው ጠየቁኝ። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። አጣራልዎታለሁ አልኳቸው እንጂ አልነገርኋቸውም፤ ካንቺ ፈቃድ ውጪ ማንም አያውቅም።

ሐሙስ ቦርዱ የእማማ ርብቃን ስም ሰረዘ። የደራሲው ቦታ ለሦስት ወር ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ የዜማው ባለቤት ካልቀረበች «ደራሲው ያልታወቀ» ተብሎ ለዘለቄታው ይጻፋል። እኔም የዘፈኔ ዜማ ላይ ያለው ስሜ እንዲነሳ አመልክቻለሁ። ጋሽ ሽብሩ ታዲያ በማን እንተካው አለኝ። ሰው መጠየቅ አለብኝ አልኩት።

የምጠይቅሽ ሰው አንቺ ነሽ። ቢሮ ነይ አልልሽም፤ ፈርሚም አልልሽም። ስሜን አታንሱ ካልሽ እንዳልሽው ይሆናል፤ እኔም በቤታችን ዳግመኛ አላነሳውም። ግን እማዬ፣ እሁድ እሁድ ሁሉም ሲዘምር አንቺ ብቻ አፍሽ ተዘግቶ ሳይሽ ነው ያደግሁት። እናቴ ድምፅ አልተሰጣትም እል ነበር። ለካ ስንት አገር ሰው ሙታኑን የሚሸኘው በአንቺ ድምፅ ነው። ይሄን ሳታውቂ እንዳትቀሪ ብዬ ነው የጻፍሁት። ሁሉንም ታውቂው ከነበረና ብቻሽን ይዘሽው ከኖርሽ ደግሞ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ነን።

የመጪው ቅዳሜ ሳምንት እመጣለሁ። ስፒከርም ስልክም አልይዝም። እማማ ርብቃን ይዘህ ና ካልሽኝ ግን ቀድመሽ አንድ ቃል ላኪብኝ፤ በሺንሺቾ ዞሬ ይዣቸው እመጣለሁ።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። የልጅ ልጆችሽን ሰርግ ያሳይሽ። ያንን ክረምት ያሳለፈልሽ አምላክ የቀረውን ዘመንሽን ብራ ያድርግልሽ። አሜን።

ልጅሽ፣
የሐዳሳ ወንድም