ውሻ የማይገባበት ጥላ

መጋቢት ፲፫፣ ዘመነ ሉቃስ
ገብስ አሰጣሁ። ዶሮዎቹን አባረርሁ። ከዚያ ወደ ሞላ መቃብር... እንደ ትናንቱ፣ እንደ ከትናንት ወዲያው። ልጄ ከሞተ፣ ከኅዳር ወዲህ፣ አንድ ቀን አልቀረሁም።

ውሻው ተከተለኝ። የሞላ ነው። ስሙንም ያወጣው እሱ ነው፦ «ማን አለብኝ»። በተጠራ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ እሱን የነኩት እየመሰለው ይቆጣ ነበር። ልጄም የፈለገው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አሰርሁት። ውሻ አይገባም። እኔ ከጽዱ ዛፍ ሥር ተቀምጬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አለቀስሁ። ዛፉ ሁሉ ከቅጥሩ ውስጥ ነው፤ ውጭው ራቁቱን የቀረ ሜዳ።

ስንመለስ ምላሱ ደረቱ ላይ ደርሷል። ጎረቤቴ ፈንታነሽ አይታ፣ «እትየ አሰለፈች፣ ይህ ውሻ ደብረ ታቦርን ሊልሳት ነው እንዴ?» አለች። ሳቅሁ? አልሳቅሁም። ትንሽ ብቻ።

መጋቢት ፲፬
ከማድጋው ሥር፣ እርጥቡ መሬት ላይ ተዘርግቶ ዋለ። ቢገፉት አይነሣ። ሰነፍ ብዬ ሰደብሁት።

መጋቢት ፲፭
የዛሬውን ልጻፈው።

ጠዋት ውኃ አልሰጠሁትም። ለምን? ሁዳዴ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እኔም አልቀምስ። የቤቱ ሰው ሁሉ እየጾመ... የቤቱ ሰው እንኳ እኔ ብቻ ነኝ... እሱ በጠዋት መጠጣቱ አሳፈረኝ። ለሞላ ነፍስ ይጹምለት አልሁ። ደግ ያደረግሁ መስሎኝ!

ከመቃብሩ ሳልነሣ ከደጅ ጩኸት ሰማሁ። «አብዷል! ያበደ ውሻ!» ሮጬ ወጣሁ። ሦስት ሰዎች ዱላ አንሥተዋል። ማን አለብኝ ይንገዳገዳል፤ ለሐጩ ይዝረበረባል፤ ድዱ በርበሬ መስሏል። ወደቀ። እኔም ላዩ ላይ ወደቅሁ። በቀሚሴ ሸፈንሁት።

«መጀመሪያ እኔን ምቱ! እኔም ካበድሁ አራት ወር ሆኖኛል!»

ጆሮውን ነካሁ። እሳት። ያን ትኩሳት እጄ ያውቀዋል። ሞላ ከፎገራ ይዞት የመጣው ንዳድ እንዲሁ ነበር የሚያቃጥለው። ይህ እብደት አይደለም፣ ፀሐይ ነው። ይህን ደግሞ ልቅበረው?

ጥላ የት አለ? ከውስጥ ብቻ። ተሸከምሁት። ጥጃ ያህላል። ከጽዱ ሥር አጋደምሁት። ካህናቱ እጃቸውን የሚታጠቡበትን ገንቦ አንሥቼ ሆዱን፣ ብብቱን፣ መዳፉን አራስሁት። በነጠላዬ አራገብሁለት። በእፍኜ ትንሽ ትንሽ አጠጣሁት።

ገበዙ አባ ዘውገ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም።

«አንቺ! ውሻ ቅጥር ገባ?»
«አልገባም፣ አባ። እግሩ አልረገጠም። የገባሁት እኔ ነኝ።»

ጢማቸውን ያዙ። ሕጉን በልባቸው ሲያገላብጡ አየሁ...

«ውኃ ለምን አላጠጣሽውም?»
«እየጾመ ነው፣ አባ።»

የተቆጡት አሁን ነው። «ክርስትና ማን አስነሣው? አንቺ ነሽ የክርስትና እናቱ?»

ባለዱላዎቹ ሳቁ። ዱላው ወረደ።

ቅጣቴ፦ መቶ ስግደት፣ ደግሞ አሥር እንስራ ውኃ ቀድቼ ቦታውን ማጠብ። «ስታወጪውም ተሸክመሽ! እግሩ እንዳይረግጥ!» አሉ። ወገቤ ተቆረጠ። እሱ ግን አንገቴን ላሰኝ።

መጋቢት ፲፮
ማን አለብኝ እህል አልበላም። ከአጠገቡ አልተነሣሁም። መቃብር ሳልሄድ ስቀር የመጀመሪያዬ ነው። ሞላ ይቀየመኝ ይሆን? ውሻውን ብገድልበትስ?

መጋቢት ፲፯
የፈንታነሽን የሽምብራ ቂጣ ሰርቆ በላ! ሙሉውን!
«እትየ! ጾመኛው ውሻዎ ገደፈ!»
«ሽምብራ አያስገድፍም» አልኋት።
ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከዚያ አፌን በነጠላዬ ያዝሁ... ሰው ሰምቶ ይሆን?

መጋቢት ፳
አዲስ ሥርዓት አወጣሁ። ዶሮ ሲጮኽ እንነሣለን፤ እሱ ጠጥቶ፣ እኔ ሳልጠጣ። ለእሱ በቅል ውኃ እይዛለሁ። የመንገዱ ድንጋይ እንዳልጋለ በእጄ ጀርባ እፈትናለሁ። የእኔ ውስጥ እግር ዕድሜውን በባዶው የሄደ ስለ ሆነ ምስክርነቱ አይታመንም።

ጠዋት የቅጥሩ ጥላ በምዕራብ በኩል ወደ ውጭ ይወድቃል። እዚያ አስረዋለሁ። ጥላው ሲሸሽ ይጮኻል። እንባዬ ገና መንገድ ላይ እያለ ይጮኻል!

«ዛሬ ቶሎ ጨረስሽ?» አሉኝ አባ ዘውገ።
«ጥላው አለቀ፣ አባ።»
«እግዜር ይስጠው» አሉ። ማንን ይሆን? ውሻውን?

መጋቢት ፳፭፣ ቅዳሜ
ከመቃብር ስንመለስ ሁለት መንገደኞች፣ «ለውሻ ውኃ ተሸክማ ትሄዳለች!» እያሉ ሳቁብኝ። አቀበቱ አጋማሽ ላይ ደግሞ ውኃ ለመኑኝ። አጠጣኋቸው። ከዚያው ቅል። ማን አለብኝ ቀድሞ እንደ ላሰው አልነገርኋቸውም... አልጠየቁኝማ።

ግንቦት ፳፰
ዝናቡ መሬቱን አለሰለሰው። የፈንታነሽ ባል ወርቁ በሬዎቹን ጠምዶ መጣ። የሞላ ማሳ ባለቤቱ ከሞተ ወዲህ ዛሬ ገና ታረሰ። እኔ ድንጋይ ለቀምሁ። ማን አለብኝ ከትልሙ አይጥ እያሳደደ በሬዎቹን አስበረገጋቸው። ወርቁ፣ «ይህን ውሻ ያዙልኝ!» ይላል፤ እኔ እስቃለሁ። ፈንታነሽም፣ «እትየ፣ እንዲህ ኖሯል ጥርስዎ!» አለችኝ።

አሁን ልጽፍ ስቀመጥ ነው የታወሰኝ። መቃብር አልሄድሁም።

ምክንያት ፈለግሁ። ጾም የለም። ፀሐይ የለም። ውሻውም ደኅና ነው። ሌላ ምን አለ? ረስቼው ነው። ቃሉን ጻፍሁት፤ ሰማይም አልተደፋብኝ።

እጄን አየሁት። ገና አልታጠብሁም። ጭቃው የማሳው ነው።