በጥበቃዎቻችን ትብብር ስለተሸኘችው ላንድክሩዘሬ

ሱሉልታ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር ኦቦ ተሾመ ገመቹ
የላይኛው ጨፌ ነዋሪዎች የጋራ ጥበቃ ማኅበር ሊቀመንበር

«የአመልካቹ ተሽከርካሪ በጥበቃ አባሎቻችን ቀና ትብብር ከሰፈሩ ወጣ እንጂ አልተሰረቀም። ስለሆነም ማኅበራችን ስርቆት ተፈጽሟል የሚል ማረጋገጫ ለመስጠት ይቸገራል።»

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የመላው ቤተሰብዎን፣ በተለይም የእናትዎን የአዴ ብርቄን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የሱሉልታ ክረምት ለአረጋውያን የማይራራ በመሆኑ ብርዱ እንዳይጎዳቸው ከልቤ እመኛለሁ። ከላይ አንድም ፊደል ሳልቀንስ የገለበጥኩት ቃል በፊርማዎና በክብ ማኅተም ተደግፎ የደረሰኝ ባለፈው ዓርብ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ባሳለፍኩት ዕድሜ ብዙ ደብዳቤ አንብቤአለሁ፤ የጻፍኩትም ጥቂት አይደለም። ሌባ «ቀና ትብብር» ተደርጎለት የተሸኘበትን ደብዳቤ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም ነበርና ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

ይህን በሰፈሩ የቴሌግራም ገጽ የሚያነቡ ጎረቤቶቼ ነገሩን ከሥሩ እንዲረዱት ስለ መኪናዋ ትንሽ ልበል። አሮጌ ባለካርቡራተር ላንድክሩዘር ናት። ኮምፒውተር የላትም፤ ሲነኳት የሚጮህ፣ ባዕድ ቁልፍ ሲገባባት የሚቆልፍ ነገር የላትም። ሁለት ሽቦ ማገናኘት የሚችል ሰው ሁሉ ሊያስነሳት ይችላል። የግቢያችን በር ለትንሽ መኪና ተብሎ የተሠራ ስለሆነ የምታድረው ከአጥር ውጭ ነው። ስለዚህ ቡራዩ ያለው መካኒኬ ዛኪር በመከረኝ መሠረት፣ ባቆምኳት ቁጥር ኮፈኗን ከፍቼ፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የምታከፋፍለውን ሮተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ነቅዬ ኪሴ እከታለሁ። እሷ ከሌለች ሞተሩ ለማንም አይነሳም። ዝናብ ቢዘንብም፣ ቢደክመኝም፣ ለአንድ ደቂቃ ባቆማትም እነቅላታለሁ። በዘይት ያልጠቆረ የሱሪ ኪስ የለኝም። ንብረቱን ለመጠበቅ አንድ ሰው ከዚህ በላይ ምን ማድረግ እንደሚችል ማኅበሩ ቢያውቅ ኖሮ፣ ያን ሁሉ ምክር ባልለገሰኝ ነበር። ምክሮቹንና ያስከተሉትን በየተራ ላስታውስዎ።

1ኛ. በማኅበሩ ትእዛዝ መሠረት በፊት መስታወቷ ላይ ስሜን፣ የቤት ቁጥሬንና የማኅበሩን ስልክ በትልቁ ጽፌ ለጥፌአለሁ። ዓላማው ባለቤቱ በቀላሉ እንዲታወቅ ነበር። ሌቦቹም በቀላሉ አውቀውኛል።

2ኛ. የፊት ጎማዋን በወፍራም ሰንሰለት ከብረት ምሰሶ ጋር አስር ነበር። በግንቦቱ ስብሰባ ላይ እርስዎ ሰንሰለቱ የሰፈሩን ገጽታ እንደሚያበላሽ አስረድተው፣ በእሳት አደጋ ጊዜ ጥበቃዎች ገፍተው እንዲያነሱት ከአጥር ውጭ የሚቆም መኪና ሁሉ ሳይታሰር፣ ማርሽም ሳይገባበት፣ በእጅ ፍሬን ብቻ እንዲቆም አስወሰኑ። እጄን አውጥቼ ተቃወምኩ። «ጋሽ በሪሁን፣ እኛ እያለን ምን ያሰጋዎታል?» አሉኝ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ከይሉኝታ የተነሳ አብሬ ሳቅሁና ወጥቼ ሰንሰለቱን ፈታሁ። ስለዚያች ሳቅ ራሴን ይቅርታ ለመጠየቅ ገና አልበቃሁም።

3ኛ. እሑድ ሐምሌ 13 ረፋድ ላይ፣ ሮተሯ ኪሴ ውስጥ እንዳለች፣ ለባለቤቴ መድኃኒት ለመግዛት አስፋልቱ ድረስ በእግሬ ሄጄ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ በታክሲ ወደ አዲስ አበባ ወረድኩ። ሁለት ሰዎች መጥተው የመኪናዋን በር ከፈቱ፤ ሊያስነሷት ሞከሩ፤ እምቢ አለች። እስከዚህ ድረስ፣ ክቡር ሆይ፣ የእኔ ጥንቃቄ ሠርቷል። ነገር የተበላሸው የእርስዎ ጥበቃ ሲደርስ ነው።

ጥበቃዎቻችን ሙሄዲንና ወንዲ ቀርበው «ምን ገጠማችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። «ባትሪ ሞተብን እኮ ወንድሜ! ጋሽ በሪሁን ጋራዥ አድርሱልኝ ብሎን ነበር፤ አሁን ምን ልንለው ነው?» ይላሉ ሌቦቹ፣ ስሜን ከመስታወቱ ላይ አንብበው። እንግዲህ በአገራችን መኪና የቆመበት ሰው ታይቶ አይታለፍም። ማን ነህ፣ ከየት ነህ ሳይባል፣ ከረባት ያሰረውም ጫማውን ያስወለወለውም ይገፋል። ሙሄዲንና ወንዲም ቆመጣቸውን አጥሬ ላይ አስደግፈው ገፉ። ከቅዳሴ የሚመለሱ ጎረቤቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው አገዙ። ባለቤቴ የወይንሐረግ አልጋዋ ላይ ሆና «አንድ፣ ሁለት፣ በለው!» የሚለውን ድምፅ ሰምታ፣ «የማን ይሆን? እግዜር ያቅልለት» ብላለች። ቁልቁለቱን ጨርሰው አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ አንድ አይሱዙ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። በገመድ ታስራ ወደ ጫንጮ ተጎተተች። ሰዎቹም በመስኮት ብቅ ብለው «ገለቶማ! ዕድሜ ይስጣችሁ!» እያሉ እጃቸውን አውለብልበዋል።

ማታ ሙሄዲን ደጄ መጥቶ ቆሞ አለቀሰ። «ጋሼ፣ ሰው ሲቸገር እያየን እጃችንን አጣጥፈን እንቁም? ሰፈሩስ ምን ይለናል?» አለኝ። በእሱም በወንዲም ቂም የለኝም። መግፋት የለመደ እጅ ገፋ። ከመግፋቱ በፊት አንድ ጊዜ ስልክ እንዲደውል ማስተማር የነበረበት ማን እንደ ሆነ ግን እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ።

4ኛ. ጫንጮ መግቢያ ላይ ፖሊስ ሰዎቹን አስቆማቸው። የመኪናዋን ሰነድ ሲጠይቃቸው «ገዝተናት ነው፤ ውሉ ቤት ቀርቶ ነው፤ ካላመንከን የሰፈሩ ጥበቃዎች ራሳቸው ገፍተው ሸኝተውናል» አሉት። ፖሊሱ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ስለ ነበረ መስታወቱ ላይ ወዳለው ስልክ ደወለ። እርስዎ አነሱ። ለእኔ አንድ ጥሪ ሳያደርጉ፣ «አዎ፣ ልጆቻችን ተባብረዋቸዋል፤ በእኛ ሰፈር ስርቆት የሚባል ነገር የለም» ብለው መለሱለት። በዚህ ምስክርነትዎ ሰዎቹ ውሉን ይዘው እንዲመጡ ተነግሯቸው ሄዱ፤ መኪናዋ ፖሊስ ግቢ ቀረች። እኔ ወደ ጫንጮ መጎተቷን ከሙሄዲን ሰምቼ ሊብሬዬን ይዤ ስደርስ መርማሪው በትሕትና አስተናገደኝ። ሁለት ወገን «የእኔ ነው» ያለውን ንብረት፣ ማኅበሩ በስልክ የሰጠውን ቃል በጽሑፍ ካላረመው በቀር ለመልቀቅ እንደማይችል፣ ካረመው ግን በዚያው ቀን እንደምወስዳት ነገረኝ። አንድ መስመር ነው የጎደለው። ያን መስመር ለመለመን ቢሮዎ ስመላለስ ሰነበትኩ፤ ያገኘሁት መልስ የዚህ ደብዳቤ መክፈቻ ሆኗል። ሰዎቹ የሐሰት ውል አሠርተው የተመለሱ ዕለት ደግሞ ክርክሩ ፍርድ ቤት ይገባል፤ ፍርድ ቤት የገባ ነገር መቼ እንደሚወጣ ለእርስዎ አልነግርዎትም።

5ኛ. የሰፈሩ መግቢያ ላይ በተሰቀለው «ዓመቱን ሙሉ ከስርቆት ነፃ የሆነ ሰፈር» በሚለው ባነር ሥር በየቀኑ አልፋለሁ። ለአዲሱ ዓመት ለማኅበሩ የምስጋና ዋንጫ እንደሚሰጥም ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ አለዎ። ያቺ አንድ መስመር ለምን እንደ ከበደችዎ የገባኝ ያኔ ነው።

አሁን ቁጥር የማልሰጠውን ነገር ልጻፍ።

የወይንሐረግ ማክሰኞና ዓርብ ለኩላሊት እጥበት አዲስ አበባ መድረስ አለባት። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው ዳገት በዚህ ወር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ባጃጅ አይወጣውም። የኮንትራት ታክሲ ሹፌሮች «ላይኛው ጨፌ» ስላቸው ስልኩን ይዘጉታል። ወንድሟ ዮፍታሔ ከሰበታ ቪትዙን ይዞ ሊደርስልን መጥቶ ገና ከአስፋልቱ እንደ ወጣ ጭቃው ዋጠው፤ ገፍተው ያወጡት እነዚያው ጥበቃዎቻችን ናቸው። ይህን ዳገት በጭቃ የምትወጣውና የምትወርደው ያቺ አሮጊት ላንድክሩዘር ብቻ ነበረች። ጠዋት በብርዱ የሞተር ማስነሻ ቾኳን ስቤ ሞተሯ ሲያጉረመርም፣ ባለቤቴ ጋቢዋን ደርባ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ዛሬ ሙሄዲንና ወንዲ ከፈረቃቸው በፊት መጥተው፣ በወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ተሸክመው ያወርዷታል። እኔ ጃንጥላ እይዛለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ዝናቡ መርገጫ ስላሳጣቸው መሄድ አልቻለችም። እግሯ አበጠ፤ ተጋድማ መተንፈስ ስላቃታት ትራስ ደራርበን ተቀምጣ አደረች። ሐኪሟ ሌላ ቀን እንዳይደገም በጥብቅ አስጠንቅቆኛል፤ ሰማዩን ግን ማስጠንቀቅ አልቻለም። ክቡር ሆይ፣ እኔ መኪና አጣሁ ብዬ አይደለም የምጮኸው። ሚስቴ በእጄ ላይ እንዳትሞት ነው።

ስለዚህ ማኅበሩ፦ «ተሽከርካሪዋ ያለ ባለቤቷ ፈቃድ ተወስዳለች፤ በስልክ የሰጠነው ቃል ስሕተት ነበር» የሚል፣ በእርስዎ የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እስከ ሐሙስ ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። እምቢታም ከሆነ በጽሑፍ ይሁን፤ በቃል የተነገረኝን ለሐኪሟም ለፍርድ ቤትም ማሳየት አልችልም። ዋንጫውን ስለ መቀበልዎ ቅሬታ የለኝም፤ እንዲያውም ሲቀበሉ ቆሜ አጨበጭባለሁ።

ሰንሰለቱን በትእዛዝዎ የፈታሁ፣ ስሜን በትእዛዝዎ የለጠፍኩ፣ በስብሰባዎ ላይ የሳቅሁ፣ ለማኅበሩ መመሪያ ከሁሉ ይልቅ ታዛዥ የሆንኩ ጎረቤትዎ፣

በሪሁን ዘለቀ

ግልባጭ፦
ለሰፈሩ የቴሌግራም ገጽ
ለጥበቃ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከባነሩ ሥር

ማስታወሻ፦ የእናትዎን ጤንነት የጠየቅሁት ለወግ አይደለም። ባለፈው ዓመት ነሐሴ አዴ ብርቄ ትንፋሽ አጥሯቸው በሬን ሲያንኳኩ፣ ከኪሴ ሮተሯን አውጥቼ አስነስቼ፣ ከኋላ ወንበር አስተኝተን ሆስፒታል ያደረስናቸው በዚህችው መኪና ነው። መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ስትሰምጥ ከኋላ ሆነው የገፉት እርስዎ ነበሩ፤ ሱሪዎ እስከ ጉልበትዎ ጭቃ ሆኖ ነበር፤ ለመታጠብ እንኳ ጊዜ አልወሰዱም። እናትዎ ዛሬ በሕይወት ስላሉ ደስ ይለኛል። አሁን የምለምንዎ ከዚያ የቀለለ ነው፤ ጫማዎ አይቆሽሽም፤ ከወንበርዎም አይነሡም።