ጣሊያን ሲሉት የኖሩት የከድር አውሮፕላን

ከድርዬ፣ አላህ ቀብርህን ኑር ያድርግልህ።

ከተለየኸኝ ሦስተኛው የቡና ለቀማ ደረሰ። በቾ ቦሬ ያለው ቤታችን ደህና ነው። በጓሮ በኩል ያፈስ የነበረው ጣሪያ ተጠግኗል። ልጃችን ነጃት አሰንዳቦ አስተማሪ ሆና ተመድባለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ እየመጣች ታየኛለች፤ ቁጣዋ ያንተው ነው፣ አልቀየረችውም። ግን ብዕር ያነሳሁት ይህን ልነግርህ አይደለም። ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። አውሮፕላንህ አልተቆረጠም! ወላሂ አልተቆረጠም! እንዲያውም የቆርቆሮ ጣሪያ ተሠርቶለት በክብር ቆሟል።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው፤ አንተ ብታውቀውም ነገ ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሌላ ሰው ቢኖር አያውቀውም። ከደብረ ዘይት ወደ ጅማ የመጣኸው ሲያርፍ የተጎዳ አንድ የጦር አውሮፕላን ጠግነህ ልትመለስ ነበር። መለዋወጫው ከእንግሊዝ አገር ይመጣል ተባለ፤ ቀረ። አውሮፕላኑም በጃንሆይ ጊዜ ከአገልግሎት ተሰናበተና ምልክቱን በግራጫ ቀለም ሸፍነው ሜዳው ዳር ተዉት። አንተም ጠባቂው ሆነህ ቀረህ፣ እኔንም አገባህ። «መለዋወጫው ቢመጣ ኖሮ እኔን የት ታገኘኝ ነበር?» ስልህ ትስቅ የነበረውን ሳቅ አሁንም እሰማዋለሁ።

መቼም ጣውንት መጣችብኝ ብዬ ነበር። በየሳምንቱ ሄደህ ፊቱ ላይ ያለውን ፕሮፔለር በእጅህ ታዞራለህ፣ ሞተሩ ዝጎ እንዳይያዝ። ክረምት ሲቃረብ ቀዳዳውን ሁሉ በቡና ጆንያ ትወትፋለህ። አንድ ዓመት ዘገየህና ክንፉ ውስጥ ንብ ሰፈረበት፤ ልታስወጣ ገብተህ ዓይንህ እስኪጠፋ ፊትህ አብጦ መጣህ። እኔ እያዘንኩ እስቃለሁ፣ አንተ ታጉረመርማለህ። ማሩን ግን ለሰፈሩ ሁሉ አካፈልን፤ ሰዉም የአውሮፕላን ማር ጨምሩልን እያለ ሲያስቸግረን ከረመ።

ልብስ ሰፊ ማግባትህም ለካ ለሱ ጠቀመው። ጭራው ላይ ያለው መሪ የተሸፈነው በጨርቅ ነው፤ በፀሐይ ሲበሰብስ አቡጀዴ ይዘህ መጣህና ስፌቱን አሳየኸኝ። ክሩን በሰም አሽቼ፣ በየመርፌው ቋጠሮ እየጣልኩ፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዳይተረተር አድርጌ ሰፋሁት። ቀሚስ ስሰፋ እንደዚያ ተጠንቅቄ አላውቅም።

ከተማው ግን ምን ይል ነበር? በኛ በጅማ ያረጀ ነገር ሁሉ ጣሊያን ነው። ድልድዩ የጣሊያን፣ ግንቡ የጣሊያን፣ ወፍጮው የጣሊያን። አውሮፕላኑም ጣሊያን ሆነ፤ አንተም «ከድር ጣሊያን» ተባልክ። ገበያ ስወጣ «የጣሊያን ሚስት፣ ባልሽ ሮም የሚመለሰው መቼ ነው?» ይሉኛል። እኔ እናደዳለሁ፤ አንተ ግን የእንግሊዝ ሥራ መሆኑን፣ ቀለሙን ቀስ ብለው ቢያነሱት ራሱ እንደሚናገር ትነግራቸው ነበር። የሚሰማህ አልነበረም። ያ ስም አብሮህ ተቀበረ ብዬ ስንት ጊዜ አለቀስኩ!

ባለፈው ዓመት ታዲያ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ ተነሳና «የፋሽስት ቅሪት በቀበሌያችን አይቆምም፤ ተቆራርጦ ይቅለጥና ለሰፊው ሕዝብ ድስት ይሁን!» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከሌላ አገር የመጣ ነው፣ የሰማውን ነው የያዘው። አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። እጄን አነሳሁ። «የእንግሊዝ ነው እንጂ የጣሊያን አይደለም፤ ማስረጃውም ከቀለሙ ሥር አለ» አልኩ። ከኋላዬ አንዱ «ሟቹስ ሄደ፣ ጣሊያንነቱን ለሚስቱ አውርሷት ነው!» ሲል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ግን ቆራጮቹ የሚመጡ ዕለት ማስረጃዬን እንዳሳይ ፈቀደልኝ።

እዚህ ኮሌጅ የእርሻ መኪና ጥገና የሚያስተምር አንድ የጎንደር ሰው አለ። ቆራጮቹ የመጡ ዕለት ሄጄ ስነግረው ኮቱን ሳይለብስ ተከተለኝ፤ ለካ እሱም ባለፈ ባገደመ ቁጥር አውሮፕላኑን ሲያየው ኖሯል። እንደደረስን ቀለሙን ሊፍቅ ቢላ አወጣ። «ማሎ፣ እባክህ! በቢላ አይፋቅም!» ብዬ ጮህኩበት። አንተ እንዳሳየኸኝ ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያጠጣን፣ ሳንጫን፣ ጎኑ ላይ ማሸት ጀመርን። መጋዝ የያዙት ሰዎች ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል።

ግራጫው ሲነሳ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ክብ ወጣ። እልል አልኩ። ሊቀመንበሩ ግን «ይሄማ የንጉሡ ነው፣ የፊውዳል!» አለ። ማሸት ቀጠልን። ከሥሩ ሰማያዊ ብቅ አለ፤ ከዚያ ነጭ፤ መሐሉ ላይ ቀይ። የእንግሊዝ ጦር ምልክት መሆኑን መምህሩ ጮክ ብሎ ተናገረ። ጎረቤታችን አባ ጀበል፣ በወጣትነታቸው ከጣሊያን ቦምብ ሮጠው ጫካ የገቡት ሰውዬ፣ ከዘራቸውን አንስተው «ዱጋ! እውነት ነው! የጣሊያኑን እኔ አውቀዋለሁ፣ ይሄ እሱ አይደለም!» አሉ። ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ ቢባሉ፣ «ማን ጠየቀኝ?» ብለው ተቆጡ።

እኔ አለቀ ብዬ ስደሰት ሊቀመንበሩ «እንግሊዝስ ኢምፔሪያሊስት አይደለም እንዴ?» ብሎ እርፍ! መጋዝ የያዙት ብድግ አሉ። ያን ጊዜ አፌን ማን እንደከፈተው አላውቅም። «ጓድ ሊቀመንበር፣» አልኩት፣ «በየሳምንቱ ስብሰባ ስለ ፊውዳሉና ስለ ኢምፔሪያሊስቱ ታስተምረናለህ፤ ግማሻችን እናንቀላፋለን። ዛሬ አንድ ሰው እንኳ አላንቀላፋም። ሁለቱንም በአንድ ጎኑ ተሸክሞ የቆመልህን ማስተማሪያ ድስት ልታደርገው ነው? ደግሞስ እንግሊዝ ሠራው እንጂ ያበረረው ያገራችን ልጅ ነው፤ ሲጠብቀው የኖረው የጅማ ሰው ከድር ነው።»

ሊቀመንበሩ አውሮፕላኑን ከአፍንጫው እስከ ጭራው አየው። ከዚያ ሣቁ አምልጦት «ማስተማሪያ ይሁን!» አለ፤ ራሱ ያሰበው እስኪመስል ድረስ። ገለቶሚ ብዬ አመሰገንኩት፤ ይገባዋል። ያን ዕለት መጋዝ ይዘው የመጡት ሰዎች ናቸው በኋላ የጣሪያውን ምሰሶ ያቆሙት።

አሁን መምህሩ ተማሪዎቹን እያመጣ ይለካል፣ ይስላል፣ ያጠናል። አንድ ቀን ከክንፉ ጫፍ አንተ ያልነካኸውን ጨርቅ ገልጠን ስፌቱን አየሁት። የኔው ቋጠሮ! በየመርፌው፣ እንዳይተረተር። በእንግሊዝ አገር በጦርነቱ ጊዜ ይህን የሚሰፉት ብዙዎቹ ሴቶች እንደነበሩ መምህሩ ነገረኝ። እጄን ላዩ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ስሟን የማላውቃት አንዲት ሴት ሰፍታው፣ አንተ አስተምረኸኝ፣ እኔ ደግሜዋለሁ። እንዴት አልኩራ?

ገበያም ስወጣ የሚሉኝ ሌላ ነው። «የከድር አውሮፕላን እንዴት ነው?» ይሉኛል። ድሮ ያሾፉብኝ የነበሩት ራሳቸው፣ እንግዳ ሲመጣባቸው እየመሩ ያመጡታል።

ልጆች ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይበራል ወይ ብለው ነው። አይበርም እላቸዋለሁ፤ መዋሸት አልወድም። ከዚያ ማን እንደጠበቀው እነግራቸዋለሁ፤ ሳይጠይቁኝም እነግራቸዋለሁ፤ ወሬ እንደማበዛ አንተም ታውቃለህ። ቃሌ ይህ ነው፦ እኔ እስካለሁ ድረስ ስምህን ሳይሰማ ከዚያ ጣሪያ ሥር የሚወጣ ሰው የለም። ነገ ደግሞ የአጋሮ ተማሪዎች ይመጣሉ፤ ሁለት መኪና ሙሉ ናቸው አሉ። ልተኛ፤ ድምፄ ያስፈልገኛል።

ያንተው ዘይነብ