ለአራት ዓመት ድብርት የተባለው ዕጢ

እኔ ወይዘሮ አባይነሽ ኃይለመስቀል፣ ጡረተኛ መምህርት፣ ዕድሜዬ ስድሳ ስምንት፣ ዛሬ ሰኞ የካቲት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. አሰላ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ኑዛዜ ስሰጥ ጭንቅላቴ ውስጥ ዕጢ አለ፤ አእምሮዬ ግን የራሴ ነው። የሐኪም ማረጋገጫ ተያይዟል። ይህን ያስቀደምኩት ልጄ ዘሪሁን «አእምሮዋ ተነክቷልና ኑዛዜዋ አይጸናም» እያለ በየቢሮው ስለሚዞር ነው። አራት ዓመት ሙሉ ስማቅቅ «ምንም አልሆነችም» ሲል የነበረው እሱው ነው።

ባለቤቴ አቶ ገብረወልድ ሲሞት እንባ እምቢ አለኝ፤ ሰው ልበ ደረቅ አለኝ። ቀጥሎ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ሐኪም ድብርት ነው ብሎ ኪኒን ሰጠኝ፤ ጭንቅላቴን ግን ማንም በመሣሪያ አላየውም። ሦስት ቀብር ስቀር ዕድሬ ስሜን ሰረዘ። መዝገቡ ላይ «በስንፍና» ብሎ የጻፈው የዕድሩ ጸሐፊ ዘሪሁን ነው። የገዛ እናቱን በአንድ መስመር ቀበራት።

የአሰላው ቤቴ ከነዕቃው ለልጄ ለፀዲ ይሁን። ግራ እጄ ብርጭቆ መጣል ሲጀምር «ይኼ ሐዘን አይደለም» ያለች እሷ ብቻ ናት።

ላሜ ከነጥጃዋ ለጎረቤቴ ለሀሊሜ ትሰጥ። «እትዬ፣ ድብርት ጭንቅላት ውስጥ ይታይ እንደሆን የሚያጠኑ መጥተዋል፤ ይነሱ» ብላ በጋሪ የወሰደችኝ እሷ ናት። ምስክር ያላደረግኳትም ስጦታ ስላላት ነው።

ወደ ጥናቱ ድብርተኛ ተብዬ ገባሁ፣ ዕጢ አለብሽ ተብዬ ወጣሁ። አጥኚዋ ዶክተር ሙቢና ከግንባሬ ጀርባ የሎሚ ያህል ነገር በመሣሪያ በተነሳው የጭንቅላቴ ፎቶ አሳየችኝ። ፈራሁ፤ ግን ደስም አለኝ፣ ሰነፍ አልነበርኩማ። ፎቶዎቼ ሁሉ ለጥናቷ ይሁኑ። ደንቡ ስም ይፋቅ ይላል አለችኝ፤ እኔ ግን ስሜ እንዲኖር ፈቅጃለሁ። አንዴ መሰረዝ ይበቃኛል።

ዘሪሁንን ከውርስ አልነቀልኩትም። ዲክሲስ ያለው የአባቱ ቤት ለእሱ ነው። እወደዋለሁ፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ምክሬ፦ ሰው ተኛ ብለህ ከመፍረድህ በፊት ምን እንዳስተኛው ጠይቅ። ብሞት የዚያ ዕድር ድንኳን ደጄ እንዳይተከል።

ይህ ቃሌ ተጽፎ ሲነበብ ዘሪሁን በር ላይ ቆሞ፣ «እማዬ፣ ይኼን የሚያናግርሽ ዕጢው ነው» አለኝ። ንግግሩ ከነመልሴ እንዲጻፍ አዝዣለሁ፦ «ሐሙስ አዲስ አበባ ላይ ያወጡልኛል። ከተረፍኩ፣ ያኔም ይህንኑ እልሃለሁ። ያኔ በማን ታሳብባለህ?»

ተናዛዥ፦ አባይነሽ ኃይለመስቀል (ፊርማ)

እኛ ምስክሮች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረን ሰምተን ፈርመናል።

እንደሻው ባንተአምላክ (ፊርማ)
ኢርሻድ ሁሴኖ (ፊርማ)
አሰግድ ተክሌ (ፊርማ)
ከዲሮ ኦብሳ (ፊርማ)