በክሪ የተናገሩላት ሴት

ጥር 6 ቀን 1980
አሰበ ተፈሪ ገባሁ። ሚኤሶ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ካልሲዬን አጠብኩ። ነገ ማታ በትምህርት ቤቱ ግቢ ስድስተኛውን ፊልሜን አሳያለሁ። ጭብጨባ የጠገብኩ ሰውዬ... የተወለድኩበት ከተማ ለምን ያስፈራኛል?

ጥር 7
ተመልካቹ አብዛኛው አማርኛ አይሰማም። ወደ ኦሮምኛ ማን ይተርጉም? ጋሽ በክሪ እንጂ! ልጅ ሳለሁ የህንድ ፊልም ሲመጣ፣ ፊልሙ ከሚታይበት አቡጀዴ አጠገብ ቆመው የሚተረጉሙልን እሳቸው ነበሩ። አዲስ አበባ ሄጄ ያንኑ ፊልም ሳይ ታሪኩ ሌላ ሆኖ ቁጭ! ለካ ህንድኛ አንዲት ቃል አያውቁም። ደግሞ የእሳቸው ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ ፈራሁ።

"ጋሽ በክሪ፣ መጨረሻው ላይ ሴትዮዋ በር ከፍታ ስትቀመጥ ምንም አይበሉ። አራት ደቂቃ ዝም።"

"አራት ደቂቃ? ሰው ታመመች ይላል እኮ!"

"እባክዎን..."

"እሺ ሞገስ። ወላሂ አፌን እይዛለሁ።"

የተሸለምኩት በዚያ ዝምታ ነው። "ጥልቅ" ብለው ጻፉለት። እውነቱን እዚህ ልጻፈው፤ ምን እንደምትል ስላላወቅኩ ነው። ሴትዮዋ እናቴ ናት፣ ነፍሷን ይማር። አባቴ ገለምሶ ገበያ ሄዶ ከቀረ በኋላ በየማታው በር ከፍታ ትቀመጥ ነበር። እሱን ናፍቃ ነው ብዬ...

ጥር 8
ትናንት ማታ ፊልሙ ታየ።

ዝምታው ደረሰ። ጋሽ በክሪ እንደ ቃላቸው ዝም። ያላስቻላቸው ከተመልካቹ ሴቶቹ ናቸው። "ማል ጄቲ? በክሪ፣ ምን ትላለች?"

"የፊልሙ ባለቤት ዝም በል ብሎኛል!" ግቢው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያ የተሸለምኩበት ዝምታ...

"ይናገሩ" አልኩ።

ጋሽ በክሪ ቀስ ብለው ተናገሩላት። "እሱን ትቼዋለሁ። እንደማይመጣ ካወቅኩ ቆየሁ። በሩ ከተዘጋ ሴትዮዋ ብቻዋን ናት ይላሉ። ከተከፈተ ግን ወንድ ያለበት ቤት ይመስላል። ልጆቼን ማንም አይደፍራቸውም።"

ሴቶቹ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም አለቀስኩ። አምላኬ!

"ይህን ደግሞ ከየት ፈጠሩት?" አልኳቸው በኋላ።

"ይሄንን አልፈጠርኩም። ጎረቤት ነበርን እኮ። እናትህ ለሚስቴ ለሙሚና የነገረቻት ነው።"

ስድስት ፊልም ሠራሁ። ይህን የሚያህል አንድም የለኝም።

ጥር 12
ኃይለየሱስ የሚባል ጋዜጠኛ ከአዲስ አበባ ድረስ መጣ። "ያ ዝምታ እንዴት መጣልዎ?"

"ስላላወቅኩ።"

ትሕትና መስሎት ሳቀ። እጁን ይዤ ጋሽ በክሪ ቤት ወሰድኩት። ሙሚና ጫት ታስራለች። እሱ ብዕሩን ሳያወጣ እኔ ቀደምኩት።

"እማማ ሙሚና፣ እናቴ ሌላ ምን ትል ነበር?"