ከትራክተርዎ ላይ ስለተፈታው ማርሚታ፣ ከሚጮኽ ጆሮ

ግንቦት 19 ቀን 2002 ዓ.ም.
ገንዳ ውሃ

ለተከበሩ የሰሊጥ ባለሀብት ለጋሼ ደምለው
ካሉበት ከዳስዎ ጥላ ሥር

ጉዳዩ፦ ማርሚታው ወደ ቦታው እንዲመለስ ስለመለመን

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ከርሟል? በተለይ ጆሮዎ? የእኔን ከጠየቁ ሥራ አልፈታም፤ አምና ከእርሻዎ ብሰናበትም ትራክተርዎ እስካሁን ግራ ጆሮዬ ውስጥ እያረሰች ነው። ይህን ደብዳቤ ከለጠፍኩበት ከመናኸሪያው ግድግዳ ላይ ገንጥለው ከጀርባው ምን ተደብቋል ብለው እንደሚያዩ አውቃለሁ። ሙጫ ብቻ ነው።

1ኛ፦ ሾፌር ሁሉ ተኝቶ እንደሚውል በማወቅዎ አደንቅዎታለሁ። የጭስ ማውጫዋን ጩኸት የሚያፍነውን ማርሚታ ለምን እንዳስፈቱት አገር ያውቃል። ዳስዎ ውስጥ ጋደም ብለው ስትጮኽ ከሰሙ እኔ ባየልኝ እያረስኩ ነው፤ ዝም ካለች ተኝቻለሁ። ሄዶ ከማየት ተኝቶ መጠርጠር ይቀላል፣ ፀሐይም አይነካዎ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ከነጩኸቷ ተቀምጬባት ወረድኩ፤ እሷ ግን እምቢ አለች፣ ከእኔ ላይ አልወርድ አለች።

2ኛ፦ ጆሮዬ ይጮኻል ብልዎ፣ ይሄ ቀልደኛ አዲስ ቀልድ አመጣ ብለው ለየእርሻው ስላወሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ባርኔጣዎ ውስጥ እንቁራሪት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ይህን ግን እኔ አላስቀመጥኩትም።

3ኛ፦ ይሄኛው ረዘም ይላል። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ስለማያልፍ፣ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር መክሊት እንዳስረዳችኝ ነው የምጽፈው። ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ እጅግ የቀጠኑ ፀጉሮች አሉ፤ ጩኸት ሲበዛባቸው በረዶ እንደመታው ማሽላ ይተኛሉ። ወሬ የተቋረጠበት የአንጎል መስሚያ ክፍል ታዲያ ጣቢያ እንደጠፋው ራዲዮ ድምፁን እስከ ጫፍ ከፍ አድርጎ ይፈልጋል፤ የምሰማው እሱን ነው። እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር፤ ሰው እኮ የወንዝ ጩኸትም ይለምዳል። ግን የሚፈራና የሚቆጣ ሌላ ክፍል ደግሞ አለ። ያ ክፍል ጩኸቱን እንደ ሌባ ከጠረጠረው አይለቅም፤ መስሚያውን፣ አዳምጥ፣ አሁንም አለ ወይ እያለ ሲነዘንዘው ይውላል። ስጨነቅ ይብስብኛል፤ ከጓደኞቼ ጋር ስስቅ እረሳዋለሁ፤ ስምዎ ሲነሳ እንደገና ይጀምራል። ሲስተር ይህን ስትነግረኝ ማን እንደሆነ ወዲያው አወቅኩት። ጋደም ብሎ የሚያዳምጥ፣ ዝምታን የማያምን፣ ከጥላ የማይወጣ! ጋሼ፣ ጭንቅላቴ ውስጥም ዳስ ሳይጥሉ አልቀሩም ብዬ እጠረጥራለሁ።

4ኛ፦ ወደ ዋናው ነገር ልግባና፣ ዘንድሮ ያቺኑ ትራክተር ዋሴ ሊይዛት ነው ሲሉ ሰማሁ። ዋሴ ገና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ወፍ ሳያይ በድምጿ ብቻ ስሟን የሚጠራ። የተኛው ፀጉር ዳግም አይነሳም ብላለች ሲስተር። ለእኔ ማርሚታው ቢመለስም ባይመለስም ያው ነኝ። ለእሱ ግን ዝናቡ ሳይጥል፣ ሞተሯ ሳትነሳ ይመለስለት። መጋዘንዎ ጥግ ወድቋል፤ ዶሮዎ ተደግፋው ታቅፋለች። እሷን በክብር ፈቀቅ ማድረግ ብቻ ነው የቀረው።

በግራ ጆሮዬ እስካሁን ተቀጣሪዎ፣ በቀኙ አክባሪዎ የሆንኩት
ባየልኝ

ግልባጭ፦
ለሲስተር መክሊት
ለዋሴ
ለዶሮዋ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሐምሌ፣ ባየልኝ ዘንድሮ ሰው ሆነ ብለው ያመሰገኑኝ ሦስት ቀናት ትዝ ይሉዎታል? ትራክተሯ ከማለዳ እስከ ማታ ጸጥ ብላ አታውቅም ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለው መሬትዎ ለምን ሣር ብቻ እንዳበቀለም ሲገርምዎት ከርሟል አሉ። ጋሼ፣ ከእጣን ዛፎቹ ጀርባ ቆማ ነበር የምትጮኸው፤ እኔ ጆሮዬን በጨርቅ ወትፌ ራቅ ብዬ ተኝቼ ነበር። የሌለ እርሻ ሦስት ቀን ሙሉ በጆሮዎ ሰምተዋልና፣ ሲስተር መክሊት እርስዎንም ትመልከትዎ። ማክሰኞ ማክሰኞ ትገኛለች።