ሌላ ቀን ኑ

ውድ ልጄ ሳምራ፣

ስልክ አታነሺም። አክስትሽም አዳማ ሆና «ተኝታለች» ትለኛለች። ከረቡዕ ጀምሮ የሚተኛ ሰው አለ? ይህን ወረቀት ጋሽ ጉዲሳ ያመጣልሻል፤ መቅደድሽ ካልቀረ አንብበሽ ቅደጂው።

መጀመሪያ ንዴቴን ልጨርስ። ሦስት ወር ሙሉ ቱርክኛ የተማረው ማን ነው? የኤምሬ ወላጆች ለሽምግልና ይመጣሉ ስትዪኝ፣ አማቾቼን በአስተርጓሚ አላናግርም ብዬ ያንን እንግሊዝኛ ለሚያውቁ የተጻፈ መጽሐፍ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ያውም በጡረታ ዕድሜዬ። መጽሐፉ ራሱ ደም ያፈላል። «ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ አይደንግጡ» እያለ ሁለት ገጽ ያባክናል። እኛ መቼ ሌላ ቦታ አስቀምጠነው እናውቃለን? «እርስዎ»ን ለማስረዳት ደግሞ አንድ ሙሉ ምዕራፍ። እኔን ያቃተኝ አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከንፈርን ለ«ኡ» አሹሎ «ኢ» የሚባለው። በየጠዋቱ መስታወት ፊት ስታገል አንቺ በር ላይ ቆመሽ ትስቂብኝ ነበር።

እሁድ ዕለት የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዳገት ወጥተው መጡ፤ አባትየው፣ እናትየውና አጎትየው። አበባና ቸኮላት ይዘዋል። አንቺ እንደ ወጉ ጓዳ ነሽ፤ ኤምሬም እንደ ወጉ አልመጣም። አባትየው «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። ገባኝ። ተነሣሁና «ባሽካ ቢር ጉን ጌሊን» አልኳቸው፤ ሌላ ቀን ኑ። ያንን ክፉ ድምፅ እንኳ አልሳትኩም። ጉዲሳ አጠገቤ ሆኖ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። እኛ ዘንድ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል የሴት አባት የት አለ? ሽማግሌ ይመላለሳል፣ ደጅ ይጠናል።

እነሱ ግን እምቢ የተባሉ መሰላቸው። ተያዩ፣ ጫማቸውን አደረጉ፣ ሄዱ። ማክሰኞ አውሮፕላን ተሳፈሩ፤ ኤምሬም አብሯቸው። አንቺም በማግስቱ «አባዬ፣ ገደልከኝ» ብለሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ።

ለሰፈሩ ሁሉ «ወጋችንን አላወቁም» እያልኩ ስለፈልፍ ሰነበትኩ። አንቺን ግን አልዋሽሽም። ትኬታቸው ለማክሰኞ መሆኑን ኤምሬ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ሌላ ቀን እንደሌላቸው እያወቅኩ ነው ሌላ ቀን ኑ ያልኳቸው። እናትሽ ካለፈች ወዲህ በዚህ ቤት ድምፅ የምታሰሚ አንቺ ብቻ ነሽ። ኢስታንቡል ሩቅ ነው። ፈራሁ፣ ልጄ። ይኸው የፈራሁት ከአዳማ ሳታልፊ ደረሰብኝ፤ ቤቱ ጭር ብሏል።

ትናንት ኤምሬን በስልክ አገኘሁት። ቪዛው እንደወጣ ከጉዲሳ ጋር እንሄዳለን። የሴት አባት ሽማግሌ ሆኖ የወንድ ቤት ደጅ ሲጠና ታይቶ አይታወቅም ይለኛል ጉዲሳ። እንግዲህ ይታያ። የእንጦጦ ማር ገዝቻለሁ። ይቅርታ መጠየቂያውንም መስታወት ፊት እያጠናሁት ነው።

እነሱም በተራቸው ሌላ ቀን ና ቢሉኝ፣ እኔ የመመለሻ ቀን አልቆረጥኩም።

አባትሽ ዱቤ